ማን ያወርደዋል?

ሦስት ሰው ነን። እኔ፣ ዛፍ ላይ የሚወጣው ልጅ፣ መሬት ላይ ሆኖ ገመድ የሚይዘውና ቅርንጫፍ የሚሰበስበው ረዳት። ዛፍ እንገርዛለን፤ የሞተውን እንቆርጣለን። የስጋት ግምገማ የሚባለውን ነገር፣ ማለትም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ምን ሊጎዳን እንደሚችል አይቶ መጻፍን፣ እንዴት እንሠራው እንደነበር ልንገራችሁ። ባለፈው ሥራ የተሞላ ፎርም አለ። ቀኑና አድራሻው ይቀየራል፣ ይፈረማል፣ በቃ። ለይስሙላ።

የዚያን ቀንም ፎርሙን መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሞላሁት። ዛፉን ገና አላየሁትም። ሄልሜት፣ ራይት። ጓንት፣ ራይት። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን፣ ራይት። ከታች «የማውረጃ ዕቅድ አለ?» ይላል። ላይ ያለው ሰው ቢጎዳ በምን ታወርዱታላችሁ ማለቱ ነው። እሱንም ራይት አደረግኩት።

ዛፉ 15 ሜትር ገደማ ይሆናል። ወደ ቤቱ ጣሪያ ያዘነበለ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ነበረው፤ ሥራችን እሱን ማንሳት ነው። ልጁ ጎበዝ ነው። መጋዙን ከማስነሳቱ በፊት ራሱን በሁለት ቦታ አሰረ። ቅርንጫፉንም ጣሪያው ላይ እንዳይወድቅ በሌላ ገመድ አሰረው። እኔ ነዳጅ እንዳነሰን አየሁና «መጣሁ» ብዬ መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ።

ስመለስ መጋዙ ጸጥ ብሏል። የጨረሱ መሰለኝ። ከዚያ ረዳቱን አየሁት፤ አንጋጦ ይጮኻል። ልጁ በቀበቶው ተንጠልጥሏል። የቅርንጫፉ ገመድ የታሰረው ከቅርንጫፉ በላይ ሳይሆን በጎን በኩል ስለነበር፣ ቅርንጫፉ ሲገነጠል እንደ ዥዋዥዌ ተወንጭፎ ትከሻውን መትቶታል። ቀኝ እጁ አይታዘዝም። በአንድ እጁ ራሱን ማውረድ አልቻለም።

ጉልበቴ ቄጤማ ሆነ። ሰው ሳይንቀሳቀስ በቀበቶ ተንጠልጥሎ ሲቆይ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህን አውቃለሁ፤ ሥልጠና ላይ ተነግሮኛል። ረዳቱ ደግሞ ዛፍ ወጥቶ አያውቅም። ቢያውቅስ በምን ይወጣል? ሁለተኛው ቀበቶና ገመድ ያለው እኔ ይዤው በሄድኩት መኪና ውስጥ ነው!

«ጋሼ፣ እግሬ ደነዘዘ» አለኝ ልጁ ከላይ። «ግንዱን እርገጥ! እግርህን ማንቀሳቀስ አታቁም!» እያልኩ ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ ዛሬም አላስታውስም። ከራሴ ጋር አስሬ ቀስ እያልኩ አወረድኩት።

አምቡላንሱስ? ረዳቱ ቶሎ ደውሎ ነበር። አድራሻ ሲጠይቁት የት እንዳለን ስለማያውቅ ፎርሙን አንሥቶ አነበበላቸው። እኔ ቀኑን እንጂ አድራሻውን አልቀየርኩትም። አምቡላንሱ ባለፈው ሳምንት የሠራንበት ቦታ ሄዶ ቆሞ ነበር። ፎርሙ ባይኖር ኖሮ ረዳቱ ቢያንስ ጎረቤት ይጠይቅ ነበር።

ልጁ የተሰበረው ትከሻው ላይ ያለው አጥንት ነው። ድኗል።

እኔ አሁን ወረቀት የምይዘው ዛፉን ዞሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሥሩ ጋ ጎንበስ እላለሁ። እዚያ እንጉዳይ ካበቀለ ሥሩ በስብሶ ሊሆን ይችላል፤ ላዩ ምንም ቢያምር አላምነውም። ግንዱን በመዶሻ እመታዋለሁ። ውስጡ ባዶ የሆነ ግንድ ድምፁ ያስታውቃል። ከዚያ ወደ ላይ፦ ተሰብሮ ሳይወድቅ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ንብ። ገመዱ ከየት በላይ ሊታሰር እንደሚችልም አያለሁ። የዚያን ቀን አንዴ ዞር ብዬ ባየው፣ ከቅርንጫፉ በላይ ማሰሪያ የሚሆን ነገር እንደሌለ አውቅ ነበር። ቅርንጫፉ በትንሽ በትንሹ ተቆራርጦ ይወርድ ነበር፣ ሌላ ምን። አድራሻውን ራሴ በእጄ እጽፋለሁ፤ ለሁለቱም ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ሰው ከቦታው ከሄደ መጋዝ አይነሳም። ነዳጅ ቢያልቅም ያልቃል።

ረዳቱን መውጣትና ሰው ማውረድ አስተማርነው። በዝቅተኛ ዛፍ፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ እያንጠለጠልን። መጀመሪያ ላይ ጆንያውን ሁለት ጊዜ ጥሎታል። ልጁ እያየ ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ያን ያህል ከልብ አልነበረም።

ልጁ ሥራ በተመለሰ በሳምንቱ ረዳቱ ታሞ ቀረ። ሁለታችን ብቻ ሄድን። ዛፉ ትንሽ ነው፤ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ። እኔ ገመድ እይዛለሁ፣ አስፈላጊ ከሆነ እወጣለሁ ብዬ አሰብኩ። ልጁ ዛፉን ዞረው፣ ቀበቶውን ያዘና ሳይታጠቀው ቆመ።

«ጋሼ፣ አንተ እኔን ልታወርድ ስትወጣ ገመዱን ማን ይይዛል?»

ዕቃችንን መልሰን ጫንን። ደንበኛው ተቆጣ፤ ሥራውንም ለሌላ ሰጠው።