ሁለቱ ቀይ ጫፎች የት ናቸው?

በአዳማ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክበብ ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ያቀረበው ሐሳብ በአንድ መስመር ያልቃል፦ አንድ ወረቀት ለሁለት እያጠፉ 13 ጊዜ ማጠፍና የዓለምን ክብረ ወሰን መስበር። ርዕሰ መምህሩ «ይኼማ ምን ወጪ አለው?» ብለው ወዲያው ፈረሙ። ከደብተር አንድ ገጽ ቀድደው ቢሞክሩት ኖሮ ብዕሩን ባላነሱ ነበር። የደብተር ወረቀት ስድስተኛው ላይ ያስቸግራል፣ ሰባተኛው ላይ ያታግላል፣ ስምንተኛውን እጅ አይችለውም።

ተማሪዎቹ ሐሳቡን ያገኙት ከብሪትኒ ጋሊቫን ታሪክ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሞና በምትባል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች፣ በሒሳብ ክፍል ለተጨማሪ ነጥብ «አንድን ነገር 12 ጊዜ እጠፉ» የሚል ጥያቄ ይሰጣል። መጀመሪያ ስስ የወርቅ ቅጠል አጠፈች፤ «በወረቀት ይሁን» ሲባል ደግሞ በጥር 2002 እ.ኤ.አ. 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አንድ ወጥ የመጸዳጃ ወረቀት 12 ጊዜ አጥፋ አሳየች። ከማጠፉ የሚበልጠው ግን ያወጣችው ቀመር ነው። ለምን እንደሚያቅት የሚነግረን እሱ ነውና።

ወረቀት ሲታጠፍ መታጠፊያው ላይ ግማሽ ክብ ይሠራል። በመጀመሪያው እጥፋት ግማሽ ክቡ የሚበላው ወረቀት ኢምንት ነው። አሥረኛው ላይ ግን አብረው የሚታጠፉት 512 ንብርብሮች ናቸው፤ የውጪው ንብርብር የውስጦቹን ሁሉ ዞሮ መምጣት አለበት። ርዝመቱ የሚያልቀው በዚህ ዙረት ነው። ስሌቱ እንዲህ ይሠራል፦ የወረቀቱን ውፍረት በፓይ አባዝቶ ለ6 ማካፈል፤ ከዚያ የንብርብሩን ብዛት (ለ10 እጥፋት 1024) ወስዶ አንዴ 4 መደመር፣ አንዴ 1 መቀነስ፤ ሦስቱን ማባዛት። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.2 × 3.1416 ÷ 6 × 1028 × 1023 ወደ 110,000 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 110 ሜትር ይሰጣል። በዚሁ ውፍረት 11 እጥፋት 440 ሜትር፣ 12 እጥፋት 1758 ሜትር፣ 13 እጥፋት 7030 ሜትር ይፈልጋል። አንድ እጥፋት በጨመረ ቁጥር ርዝመቱ በአራት ይባዛል። ይህም ዝቅተኛው ልክ ነው፤ ንብርብሮቹ ቀጥ ብለው የሚተኙበት ትርፍ ካልተጨመረበት በቀመሩ ልክ የተቆረጠ ወረቀት የመጨረሻውን እጥፋት አይሰጥም።

የመጀመሪያው ስሕተት የመጣው ከውፍረቱ ነው። ተማሪዎቹ ከፊዚክስ ላቦራቶሪ ማይክሮ ሜትር (የስስ ነገርን ውፍረት በመንጋጋው ይዞ የሚለካ መሣሪያ) ተውሰው አሥር ንብርብር ሶፍት ሲለኩ 1.4 ሚሊ ሜትር አገኙ፤ እያንዳንዱ 0.14 መሆኑ ነው። በዚህ ሒሳብ ዘጠኝ እጥፋት ከ20 ሜትር በታች ይበቃዋል። 25 ሜትር ወስደው ሞከሩ፤ ስምንተኛው ተሳካ፣ ዘጠነኛው እምቢ አለ። ማይክሮ ሜትሩ አልዋሸም፤ ሶፍት ግን እንደ ብረት ለመንጋጋው የማይበገር ነገር አይደለም። ጉብጉብ ተደርጎ ስለሚሠራ በመሣሪያው ሲጨመቅ ይሳሳል፣ ሲለቁት ይነፋል። ትክክለኛው ውፍረት የሚገኘው ከራሱ ከእጥፋቱ ነው። ሰባት ጊዜ አጥፎ 128 ንብርብር ሲሆን፣ በእጅ መዳፍ ጫን ብሎ ቁመቱን በማስመሪያ መለካትና ለ128 ማካፈል። 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ወጣ፤ ማለትም 0.2። ለዘጠኝ እጥፋት የሚያስፈልገው 28 ሜትር ነበር ማለት ነው፤ ሦስት ሜትር አጥሯቸዋል።

በአዲሱ ቁጥር 13 እጥፋት ባለ 300 ሜትር ጃምቦ ሶፍት 24 ጥቅል፣ ለማጋመስ ብቻ ደግሞ 3.5 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ ሜዳ ይጠይቃል። የሒሳብ መምህሩ ዕቅዱን ወደ ደረጃ ከፈሉት፤ አስቀድሞ 11 ይሞከርና ከዚያ ይታያል ተባለ። ሦስት ጃምቦ በሞዴል 20 ተጠየቀ። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ቅጹን ገልብጠው አዩና «ለሒሳብ ክበብ ነው ያላችሁት? ሒሳብ ሆድ ያስቀምጣል እንዴ?» ብለው ፈርመው አወጡ። ጃምቦ የተመረጠው ለርዝመቱ ብቻ አይደለም። የገዙት ዓይነት የመቅደጃ መስመር የለውም፤ በቤት ውስጡ ሶፍት ግን ሁለት ሰው ሲስበው ወረቀቱ በዚያ በተበሳሳው መስመር ላይ ይለያያል።

ቦታው ቀጣዩ ችግር ሆነ። ሁለት ጥቅል በመሀል ተቀጥሎ 600 ሜትር ሲሆን የመጀመሪያው እጥፋት 300 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። እግር ኳስ ሜዳውን በሰያፍ ቢሄዱበት እንኳ አይበቃም፤ ቢበቃም አዳማ ናት። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ሜዳው ላይ የተዘረጋው ሶፍት ገና ሠላሳ ሜትር ሳይሞላ ተነሥቶ አጥሩ ላይ ተሰቀለ። በላዩ ጠጠር እያስቀመጡ መሞከርም አላዋጣም። ጠጠሩ የነካው ቦታ ይቀደዳል፣ ነፋሱም በሁለቱ ጠጠሮች መካከል ገብቶ ወረቀቱን እንደ ሸራ ይነፋዋል።

ስለዚህ ወደ ኮሪደር ተገባ። የረጅሙ ሕንፃ ኮሪደር 80 ሜትር ነው። መስኮትና በር ተዘግቶ፣ ጫማ ወልቆ፣ በየስድስት ሰባት ሜትሩ አንድ ተማሪ ቆሞ፣ በፊሽካ ትእዛዝ ሥራው ተጀመረ። ተማሪዎቹ የተጠቀሙበት ዘዴ ብልህ ይመስላል፦ ወረቀቱን 75 ሜትር ወስደው መለሱ፣ 75 ሜትር አምጥተው መለሱ፤ እንዲህ ወዲህ ወዲያ ሲሉ ስምንት ንብርብር ሆነ። ስምንት ደግሞ የሦስት እጥፋት ውጤት ነው። ከዚያ የተነባበረውን ስምንት ጊዜ ለሁለት አጠፉት። ሦስትና ስምንት አሥራ አንድ።

የኋለኞቹ እጥፋቶች ሌላ ጣጣ ነበራቸው። የሶፍቱ ስፋት አሥር ሴንቲ ሜትር ነው። 512 ንብርብር ሲደርስ ቁመቱ ከስፋቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ክምሩ ወደ ጎን ይወድቃል። የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ፣ ልጆቹ «ጋሼ» የሚሏቸው፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር በጎናቸው አስተኝተው በመሀላቸው አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። ክምሩ እዚያ ውስጥ ቆመ። ሌላም ነገር ከለከሉ፦ በላዩ መቀመጥ። ልጆች አየሩን ለማስወጣት ሲቀመጡበት መሀሉ ይሰረጉዳል፣ ንብርብሮቹም እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ጣውላ አስተኝቶ ከመታጠፊያው ወደ ክፍቱ ጫፍ በመዳፍ እየገፉ መሄድ ይሻላል፤ አየሩ መውጫ አለው።

2048 ንብርብር ሆኖ፣ 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቆሞ ታየ። ጭብጨባው ኮሪደሩን ሞላው። ባነር እንዲታተም የጠየቀም ነበር።

ደግነቱ የጋሊቫን ደንብ አንድ ሐረግ አለው፦ ንብርብሮቹ በቀጥታ መስመር ተኝተው መቆጠራቸው ከሥራው ውጭ በሆነ ሰው መረጋገጥ አለበት። የፊዚክስ መምህርቷ ለዚህ ተጠርተው ነበር። ገና ከመጀመሩ በፊት የወረቀቱን ሁለት ጫፎች በቀይ ማርከር እንዲቀቡ አዝዘው ሄደዋል፤ ማንም ልብ አላለውም። አሁን መጥተው የክምሩን ጎን በማስመሪያ ጫፍ እየከፈቱ «ሁለቱ ቀይ ጫፎች የት ናቸው?» አሉ። ሁለቱም ተገኙ። በመሀላቸው ስድስት ነጭ ንብርብር ነበር።

«በቃ፣ 11 አይደለም» አሉ መምህርቷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወረቀት በትክክል ለሁለት ሲታጠፍ ሁለቱ ጫፎች በመጀመሪያው እጥፋት ይገናኛሉ። ፊት ለፊት ከተነካኩ በኋላ ምንም ያህል ጊዜ ቢታጠፉ ሌላ ንብርብር በመሀላቸው ሊገባ አይችልም። ወዲህ ወዲያ ሲደረደር ግን አንዱ ጫፍ ከስምንቱ በታች፣ ሌላው ከላይ ይቀራል። ስድስቱ ነጮች ያጋለጡት ይህንን ነው። ተማሪዎቹ የሠሩት ስምንት እጥፋት ነው፤ የተጀመረውም ከአንድ ወረቀት ሳይሆን ከተደረደረ ክምር ነው።

ክርክሩ ጥሩ ነበር። ከክበቡ አንዷ ቾክ አንሥታ ሰሌዳው ላይ አሰላች፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት እጥፋቶች በደንቡ ቢሠሩ የሚበሉት ወረቀት ውፍረቱ በፓይ ተባዝቶ ዐሥራ አራት ጊዜ ነው፤ ወደ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር። የወዲህ ወዲያው ሰባት መታጠፊያ ደግሞ ከአምስት ሚሊ ሜትር በታች ነው። «ቲቸር፣ ከ600 ሜትር ላይ ልዩነቱ እኮ አራት ሚሊ ሜትር ናት!» ስሌቷ ልክ ነው። ወረቀቱ የሚያልቀው በመጨረሻዎቹ እጥፋቶች እንጂ በመጀመሪያዎቹ አይደለም፤ የመጨረሻዎቹን ደግሞ ልጆቹ በትክክል ሠርተዋቸዋል።

መምህርቷ ስሌቱን አልነኩም። «ሦስቱን ከፈቀድንልሽ አራተኛውን በምን እንከለክላለን? አምስተኛውንስ?» አሉ። «እንዲያ ከሆነ የባንክ ፕሪንተር ተያያዥ ወረቀት ከፋብሪካው ከነካርቶኑ ወዲህ ወዲያ ታጥፎ ነው የሚመጣው። 2048 ገጽ የያዘውን አምጥተን 11 እጥፋት ነው እንበል?» ክፍሉ ሳቀ፤ ልጅቷም ሳቀች። ቾኩን ግን አላስቀመጠችም። ይህ መልስ ከስሌቱ ይበልጥ ያሳምናል፤ ክብረ ወሰን የሚለካው በተባከነው ወረቀት ሳይሆን በተሠራው ሥራ ነውና።

ሁለተኛ ነጥብም ተነሣ። የ600 ሜትሩ ወረቀት መሀሉ ላይ በፕላስተር የተቀጠለ ነው። ከጋሊቫን አሥር ዓመት ገደማ በኋላ በማሳቹሴትስ ያሉ ተማሪዎች በጄምስ ታንተን መሪነት በኤም.አይ.ቲ. ረጅም ኮሪደር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረቀት ዘርግተው 13 አድርሰዋል፤ ሆኖም ወረቀቱ በፕላስተር የተቀጣጠለ ስለነበር የ12ቱን ክብረ ወሰን አላስነሣም። «አንድ ወረቀት» የሚለውን ቃል ቀድሞ ያልጻፈ ፕሮጀክት መጨረሻ ላይ ይጣላበታል።

ቀሪው ሥራ ለ10 እጥፋት ሆነ፤ ኮሪደሩ በደንቡ የሚሸከመው ይህንኑ ነው። ከሦስተኛው ጥቅል 150 ሜትር ያለ ቅጥል ተለክቶ ተቆረጠ፤ ቀመሩ 110 ይላል፣ አርባው ትርፍ ነው። መሀሉ በሰማያዊ፣ ጫፎቹ በቀይ ተቀቡ። ወረቀቱ ከሁለቱም ጫፍ እስከ ሰማያዊው መስመር ድረስ በሁለት የካርቶን ቱቦ ተጠቀለለ። ሰማያዊው መስመር ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተያዘና ሁለት ተማሪዎች ጥቅሎቹን አንዱን በሌላው ላይ እየፈቱ አብረው 75 ሜትር ተጓዙ። የመጀመሪያው እጥፋት በዚህ አለቀ፤ ወረቀት መጎተት የለም፣ መቀደድ የለም። ከሁለተኛው ጀምሮ ያለው እንደ በፊቱ ነው። አሥረኛው ሲታጠፍ ግን መታጠፊያው ላይ አራት እጅ ያስፈልጋል፦ ሁለቱ ውስጠኛውን ጥግ አጥብቀው ይይዛሉ፣ ሁለቱ የውጪውን ንብርብር ቀስ ብለው ያዞራሉ። ሰው ከቸኮለ የውጪው ንብርብር ተወጥሮ ይቀደዳል።

ቆጠራው ከማጠፉ የበለጠ ሰዓት ወሰደ። በየ64 ንብርብሩ አንድ ስቴኪኒ ይሰካል፤ 16 ስቴኪኒ ከሞላ 1024 ነው። ሁለት ሰዎች ተራ በተራ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ቆጠሩ። ቀዮቹ ጫፎች ተያይዘው ተገኙ።

የፕሮጀክቱ ሪፖርት «10» ብሎ ጻፈ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ደግሞ «ከስምንት ንብርብር ተነሥቶ ስምንት እጥፋት» በሚል ለብቻው ሠንጠረዥ ገባ። ለ11 የሚያስፈልገው ከትርፉ ጋር 600 ሜትር ወጥ ወረቀትና ነፋስ የማይገባበት 300 ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ጥቅል እንዲያፈላልጉ የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሠራተኛ ተጠይቀዋል፤ እሳቸውም መጀመሪያ የሦስተኛው ጥቅል ቀሪ 150 ሜትር ይመለስልኝ ብለዋል።