«ኮክ አልደረሰም»፦ በጣና ዳር የመጠጥ ስሞች

በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነበር። ወንድምና እህት የሆኑ የአጎቴ ልጆች ከአሜሪካ መጥተው ባሕር ዳርን ሳናይ አንመለስም አሉ። እኔም ቅሌን ጨርቄን ሳልል ተነሣሁ።

የዓባይን በረሃ ቁልቁል ስንወርድ፣ መኪናው በሚያዘግምበት መታጠፊያ ሁሉ ሕፃናት እየሮጡ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይሉን ጀመር። እህትየው ውሃ የጠማቸው መስሏት ያልተከፈተ ጠርሙስ በመስኮት አቀበለቻቸው። አንዱ ልጅ ተቀብሎ ከፈተና ግማሹን ጠጣ፤ የቀረውን ለጓደኛው ሰጥቶ እስኪጨርስ ቆሞ ጠበቀው። ከዚያም ባዶውን ጠርሙስ መልሶ ወስዶ በብብቱ ሸጎጠው። ይለምኑ የነበሩት ጠርሙሱን ነበር። የታሸገ ውሃ ለአገራችን እንግዳ በነበረ ጊዜ ቀድመው ከታወቁት ስሞች አንዱ ሃይላንድ ነው። ያን ምልክት የለጠፈ ጠርሙስ ካየሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ስሙ ግን በበረሃው ልጆች አፍ ላይ እንዳለ አለ።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ሙሉ የምናወራው ስለ መጠጥ ስም ሆነ። ደጀንንና ደብረ ማርቆስን አልፈን እንጅባራ እስክንደርስ ወንድምና እህት ሲከራከሩ ሰማሁ። እሱ የሚኖረው አትላንታ ሲሆን እሷ ሚኒያፖሊስ ናት። እኛ ለስላሳ የምንለውን እሷ በምትኖርበት አካባቢ «ፖፕ» ይሉታል፤ እሱ ዘንድ ደግሞ ብዙ ሰው ብርቱካንማውንም ነጩንም በጅምላ «ኮክ» ይለዋል። አስተናጋጇ «ኮክ ይፈልጋሉ?» ብላ ትጠይቅና አዎ ሲሏት «የትኛውን ዓይነት?» ትላለች። ነገሩ መሠረት አለው። ኮካ ኮላን እ.ኤ.አ. በ1886 የቀመመው ጆን ፔምበርተን የተባለ የአትላንታ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ የከተማው ልጅ የሆነው መጠጥ ለወንድሞቹ ሁሉ ስሙን አወረሳቸው። ፖፕ የተባለው ከቡሽ ድምፅ ነው፤ ሮበርት ሳውዚ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1812 ቡሹ ሲነቀል ከሚያሰማው ድምፅ የወጣ ስም መሆኑን ጽፎታል። በሰሜን ምሥራቅና በካሊፎርኒያ ደግሞ «ሶዳ» ነው። ሴንት ሉዊስ የምትባለው ከተማ ፖፕ በሚል አገር ተከብባ ሶዳ ትላለች አሉኝ። ደቅ ደሴት በጣና መካከል እንደተቀመጠችው ማለት ነው።

ባሕር ዳር በገባን ማግስት፣ ዘንባባዎቹ ሥር ስንዘዋወር ቆይተን አንድ ጁስ ቤት ገባን። ልጅቷ «ምን ልታዘዝ?» ስትል አትላንቴው ከአፉ አምልጦት «ኮክ» አላት።

«ኮክ አልደረሰም ጋሼ፤ እሱ ክረምት ነው የሚመጣው። ማንጎና አቮካዶ አለ፤ ካሻዎት ስፕሪስ ልሥራልዎት።»

በስንት ዓመት ኑሮ «ኮክ» የሚለው ቃል ፍሬነቱን አጥቶበት ነበር። ልጅነቱን ያሳለፈው አዲስ አበባ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ከትምህርት ቤት በር ላይ ኮክ እየገዛን አብረን በልተናል። ልጅቷ ያንን መልሳ ስትሰጠው ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም። ስፕሪሱን አዘዘ። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ ተደርቦ መጣ። ይህም ቃል ቢሆን በየቤቱ የተለየ ነው፤ በቡና ቤት ስፕሪስ ቢሉ የሚመጣው ሻይና ቡና የተቀላቀለበት ብርጭቆ ነው።

እኔ «ለስላሳ» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ምላስ የሚቆነጥጥ መጠጥ ለስላሳ መባሉ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን ቃሉ የሚናገረው ስለ ምላስ አይደለም፤ መጠጡ ራስ ላይ እንደማይወጣ ነው። ለድምፅ፣ ለእጅ፣ ለጨርቅ የምንጠቀምበትን ቃል ለልጅና ለሽማግሌ ለሚቀርብ መጠጥ መስጠት የአሳቢ ሰው ሥራ ነው።

በሦስተኛው ቀን በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በደንገል ታንኳ እንጨት የጫኑ ሰዎች በአጠገባችን አለፉ። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡናው ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ግራና ቀኝ ትንንሽ ታንኳ ሠርተው የሚሸጡ ልጆች አሉ። ስለ ገዳሙ ሥዕሎች ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። እኔን የያዘኝ ከገዳሙ ስንመለስ ቡና የጠጣንባቸው እናት ጨዋታ ነው።

እህትየው ባለ ጋዝ ውሃ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። እማማ ደነገጡ። «ጋዝ? ኩራዝ ውስጥ የሚገባውን?» አሉ። አምቦ ለማለት ነው ስላቸው ፊታቸው ፈካ። «እሱማ ያስገሳል፤ ሆድ ሲነፋ ጥሩ ነው። አምቦ በሉኛ!» የአምቦ ውሃ አረፋውን ከመሬት ውስጥ ይዞ የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ ጋዝ የሚባል ነገር ሰው የጨመረበት አይመስላቸውም፣ እውነትም አላቸው። ለሰው ሠራሹ መነሻው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ ከቢራ ጠማቂ ጎረቤት ይኖር ነበርና በሚብላላው ጠመቃ ላይ የሚያንዣብበውን አየር ከውሃ ጋር አዋሐደው። ይህን ስነግራቸው እማማ ወደ ጓዳቸው፣ ወደ ጠላው ጋን፣ ዞረው አዩ። «ይኸማ እኛም ቤት አለ» አሉ።

ከሣጥን ውስጥ ፋንታ አውጥተው «ሚሪንዳ ጠጡ» አሉን። ፋንታ ነው አላልኳቸውም። ማዶ ጎንደር ላይ የፔፕሲ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን ሲሠራ ኖሯል፤ ብርቱካንማው ለስላሳ በብዙ ሰው ዘንድ ሚሪንዳ የሆነው ያ ጠርሙስ ቀድሞ ደጃቸው ስለ ደረሰ ይመስለኛል። አትላንታ ላይ ኮክ የሆነበት ምክንያት ዘጌ ላይም ይሠራል።

ወንድምየው ስኳር የማይስማማው መሆኑን ሲነግራቸው ሌላ አመጡለት፤ ቀላ ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ በጣሳ። ጠላው ከተቀዳ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቅራሪ ነው።

«ይኸ ምንድን ነው እማማ?»

«ቅራሪ ነዋ ልጄ። ለእረኛ፣ ለሕፃን የሚሰጥ። የእኛ ለስላሳ ነው።»

ጣሳውን ጨርሶ እንዲደገምለት ሲጠይቅ እማማ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ጓዳቸው ውስጥ የማር ሃይላንድ፣ የዘይት ሃይላንድ፣ የአረቄ ሃይላንድ ተደርድሯል። የዓባይ በረሃ ልጆች የሚሰበስቡት ጠርሙስ ዞሮ ዞሮ እንዲህ ያለ ቤት ነው የሚገባው። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ አንድ የደረቀ ቅል ተንጠልጥሏል። በፊት ውሃ የሚያዘው በእሱ ነበር፤ አሁን ዘር ያስቀምጡበታል። እኔ ከቤቴ ስወጣ ቅሌን ጨርቄን አላልኩም፤ ቅል ይዤም አላውቅም። የእማማ ቤት ሁለቱን ቃሎች፣ ቅልንና ሃይላንድን፣ በአንድ ግድግዳ ላይ አኑሮልኛል።

ስንሰናበት ለእህትየው ጠበል ሰጧት። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ምልክት የሌላ ውሃ ስም ነው፤ ግማሹ ተልጦ ወድቋል። ጀልባው ላይ ነፋሱ ሲበረታ ወንድሟ ቦርሳዋን እየተመለከተ፣ ሃያ ዓመት ያልተናገረውን ቃል እንደ አገሬው አለው፦

«ሃይላንዱን ቀና አድርጊው፤ ጠበሉ እንዳይፈስ።»