ከጆሮዬ ጀርባ ያለው ቦታ

ማክሰኞ ጠዋት ከፊዚዮቴራፒ ስወጣ ከሥራ የወሰድሁት ፈቃድ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ስለነበር፣ በቀጥታ ወደ ቢሮ ከመመለስ ይልቅ ገርጂ ካለች አንዲት ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ገባሁ። ነገሩ ለሌላ ሰው ተራ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ለእኔ ግን የፀጉር ቤት ደጅ ከረገጥሁ ስምንት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ፀጉሬን ስቆርጥ የኖርሁት እኔው ራሴ፣ በመታጠቢያ ቤቴ መስተዋት ፊት ቆሜ፣ እናቴ ልብስ ትሰፋበት በነበረው ትልቅ መቀስ ነው።

የራቅሁት በ2009 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ነው። የዚያን ቀን የሄድሁበት ቤት እንደማንኛውም የበዓል ዋዜማ በሰው ተጨናንቆ፣ ካስኮቹ ሁሉ ተይዘው፣ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች እስከ በሩ ድረስ ተደርድረው ነበር። ፀጉሬን ለማለስለስ ሪላክሰር ተቀባሁ። ሪላክሰር የፀጉርን የውስጥ ትስስር እየፈታ የሚያለሰልስ ጠንካራ ኬሚካል ነው፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ዓይነት ደግሞ የራስ ቆዳ አስቀድሞ በቫዝሊን ካልተከለለና በደቂቃው ካልታጠበ ቆዳን ይልጣል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። የቀባችኝ ልጅ ሌላ ደንበኛ ስትጠራት ትታኝ ሄደች፤ "አቃጠለኝ" ስላት ከወዲያ ማዶ ሆና "ትንሽ ቻይ፣ ገና አልያዘም" አለችኝ። እኔም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጮህ አፍሬ ቻልሁ። ያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሌሊቱን ቁስሉ እያዠ ትራሴን ሲያረጥበው አደረ፤ በበዓሉ ቀን ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አስሬ ለዘመድ ሁሉ "ራሴን አሞኝ ነው" እያልሁ ዋልሁ።

የተቃጠለው ፀጉር እየተነቀለ ሲያልቅ የቀረውን ከሥሩ ቆረጥሁት፤ ከዚያ በኋላ ማንም እንዲነካኝ አልፈለግሁም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገብቶ ሰው ሁሉ ከሰው ሲሸሽ፣ ጎረቤቶቼ "አንቺስ ቀድመሽ ለምደሽዋል" እያሉ መቀሴን እስከ መዋስ ደረሱ፤ እኔም ልማዴን እንደ ጥበብ መቁጠር ጀመርሁ። የሰው ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል ይባላል። በዚህ ሒሳብ በስምንት ዓመት ውስጥ ከራሴ ላይ አንድ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት በገዛ እጄ አንስቻለሁ ማለት ነው።

ይህን ልማዴን በቃ ያለኝ ትከሻዬ ነው። ጥር ላይ የቀኝ ትከሻዬ መድረቅ ጀመረ፤ መጀመሪያ የቦርሳ ማንገቻ ማስተካከል፣ ቀጥሎ ከላይኛው መደርደሪያ ስኒ ማውረድ፣ በመጨረሻም እጄን ከጆሮዬ በላይ ማንሳት አቃተኝ። ሐኪሙ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ሽፋን ተቆጥቶ መወፈሩን፣ ሕመሙ በእኔ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ እንደሚበዛና ለመዳን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ እንደሚወስድ ነገረኝ። ፀጉሬ ግን ወራቱን ሙሉ ማደጉን አላቆመም። በግራ እጄ ልቆርጥ ሞክሬ ግንባሬ ላይ ያለውን ካበላሸሁት በኋላ ሻሽ ወደ ማሰር ተመለስሁ፤ ያ ሻሽ ደግሞ የዚያን ፋሲካ ጠዋት እያስታወሰኝ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ።

ያቺን ፀጉር ቤት የመረጥኋት ባዶ ስለነበረች ነው። ባለቤቲቱ በእኔ ዕድሜ የምትገኝ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥሁ ሻሼን እስክፈታ ድረስ ጠበቀች፤ ከዚያም "ልንካው?" ብላ ጠየቀችኝ። ፀጉሬን ለመንካት ፈቃድ የጠየቀኝ ሰው ስለመኖሩ ትዝ አይለኝም፤ በልጅነቴ ራሴ የእናቴ ነበር፣ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ከፍዬ የማስረክበው ነገር ነበር።

"መጨረሻ የቆረጠሽ ማነው፣ እህቴ?"

"እኔው ነኝ።"

ከፊት በኩል በደንብ እንደያዝሁት፣ ከኋላ ግን የግራው ወገን ሁልጊዜ ረዘም ብሎ እንደኖረ ነገረችኝ፤ ቀኝ እጅ ወደዚያ ሲዞር አይደርስም አለችኝ። መቀሴንም ሳታየው አወቀችው። የጨርቅ መቀስ ስለቱ ሲደክም ፀጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ እየጨፈለቀ ጫፉን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ የእኔ ጫፎች ደግሞ ሁሉም የተሰነጠቁ ነበሩ። ሌላም ያስተማረችኝ ነገር አለ። ፀጉሬ ከርዳዳ ስለሆነ እርጥብ ሳለ ሲሳብ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይሰበሰባል፤ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ታጥቤ ስለምቆርጠው ሁልጊዜ ካሰብሁት በላይ አጥሮ ይቀርብኝ ነበር። እርስዋ የቆረጠችው አጥባ ካደረቀችው በኋላ ነው።

ስለ እጥበቱ ትንሽ ልዘርዝር። አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ሳህኑ ላይ ሳስደግፍ ጡንቻዬ ሁሉ ተገተረ፤ ውሃውን ከፈት አድርጋ በመጀመሪያ በራስዋ አንጓ ላይ ለካችው፣ ከዚያ በትንሹ ግንባሬ ላይ አፍስሳ "ይስማማሻል?" አለችኝ። እሺ እስክላት ድረስ እጅዋ አልተንቀሳቀሰም። ጣቶችዋ ከማጅራቴ ተነሥተው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ሲወጡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእናቴ ጉልበቶች መካከል መሬት ላይ ተቀምጬ ሹሩባ ስሠራ፣ በለጋ ቅቤ የራሱት ጣቶችዋ ፀጉሬን ሲከፍሉት፣ ሚዶው ሲያመኝ ስነቃነቅ "ቀጥ በይ!" ስትለኝ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የራሴን ራስ ራሴ ሳጥብ ስኖር ይህን ስሜት እንዳጣሁት እንኳ አላውቅም ነበር።

መቁረጥ ከጀመረች በኋላ የቀኝ ጆሮዬን ወደ ፊት አጠፍ አድርጋ ቆመች።

"ይህ ጠባሳ የምንድን ነው?"

"የምን ጠባሳ?"

ስልኬን ተቀብላ ፎቶ አነሣችውና አሳየችኝ። ከጆሮዬ ጀርባ የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንድም ፀጉር የሌለበት ቦታ አለ። ቃጠሎ የፀጉሩን ሥር ካጠፋው ከዚያ ቦታ ተመልሶ አይበቅልም። አንዳንድ ጊዜ ጣቴ እዚያ ሲያርፍ ልሙጥ ነገር ይሰማኝ ነበር፤ የተፈጥሮዬ አጥንት መስሎኝ አልፌው ኖሬአለሁ። እንግዲህ ቁስሉ ድኖ አልቋል ብዬ ባመንሁባቸው ዓመታት ሁሉ መቀሴን የማዞረው በማላየው ጠባሳ ዙሪያ ነበር። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያም ለማንም ያልነገርሁትን የፋሲካ ዋዜማ ታሪክ፣ የቻልሁትንም፣ ያፈርሁትንም ጭምር ነገርኋት።

መቀስዋን አስቀምጣ እስክጨርስ ሰማችኝ። ሊያጽናናኝ የሚችል ቃል አልፈለገችም፤ "እኔ ሪላክሰር የቀባኋትን ሴት ታጥባ እስክትነሣ ካጠገብዋ አልለይም፤ ሌላው ይጠብቅ" ብቻ አለችኝ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ "አይዞሽ" በላይ ጠቀመችኝ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመልሳ በዚያ በኩል ያለውን ፀጉር በጥቂቱ ረዘም አድርጋ ተወችው፤ ስታበጥረው ጠባሳው ላይ ተኝቶ ጠፋ። እኔ በሁለት መስተዋት ብታገል፣ ትከሻዬም ጤነኛ ቢሆን፣ እንዲህ ልሠራው አልችልም ነበር።

ሒሳቤን ስከፍል ረዳትዋ ወለሉን እየጠረገች ነበርና "ፀጉርሽን ልጠቅልልሽ ወይስ ይጣል?" አለችኝ። እናቴ "ፀጉር ሜዳ ላይ አይጣልም" ትል ነበር፤ ከሚዶው የለቀመችውን ሁሉ ጠቅልላ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ትወሽቀው ነበር። እንድትጠቀልልኝ ጠየቅኋትና ፊዚዮቴራፒው ከሰጠኝ የእንቅስቃሴ ወረቀት ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ አሁንም ማክሰኞ ጠዋት፣ እንድመለስ ተቀጣጥረናል።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ የሚወሸቅበት ስንጥቅ የለም። ማታ በረንዳዬ ላይ ጤና አዳም የተከልሁበትን ጣሳ አፈር በግራ እጄ ቆፍሬ እዚያ ቀበርሁት።