ጣራዬ ላይ ያሉት ሁለት ዋኔዎች

አዲስ አበባ ያለው ግቢያችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ዋኔ እንዳለ ያወቅሁት ተወልጄ ባደግሁበት ቤት ሠላሳ ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው። ለእኛ ሁሉም እርግብ ነበር። ስንዴ ሲሰጣ እሽ ተብሎ ይባረራል፣ አለቀ።

አንደኛዋ ጠቆር ያለች ናት፤ አንገቷ ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት አላት። በእንግሊዝኛ ደስኪ ተርትል ዶቭ ይሏታል። ሌላኛዋ ሬድ አይድ ዶቭ ናት፤ ዓይኗ ቀይ፣ ማጅራቷ ላይ ጥቁር መቀነት ያሰረች ትመስላለች። የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ስትሬፕቶፔሊያ ከሚባለው ወገን ናቸው። በዜማቸውም በክንፋቸው ድምፅም ላነፃፅራቸው ተነሣሁ። ክንፉ ይበልጥ ይለያቸዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

መጀመሪያ በስልኬ ቀረፅሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሼ ተቀመጥሁ። ስከፍተው ውሻው አለ፣ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ አለ፣ የእኔ ሳልም አለ። ዋኔ የለችም! ለካ የስልኩ መቅረጫ የተሠራው ለሰው ንግግር ነው፤ ያንን ወፍራም ድምፅ ጫጫታ ነው ብሎ ያጠፋዋል። ማጣሪያውን አጥፍቼ፣ ፋይሉን ሳይጨመቅ፣ ዌቭ በሚባለው የፋይል ዓይነት ማስቀመጥ ስጀምር ነገሩ ተስተካከለ። ስልኩንም ጣራው አጠገብ ካለው ዛፍ ላይ አስሬ ገለል ማለት ለመድሁ።

ከዚያ ሌላ ስህተት ሠራሁ። የድምፃቸውን ቅጥነትና ውፍረት ለመለካት ሁለት ሳምንት አጠፋሁ። የሁለቱም ወፍራም ነው፤ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ በምስል ሲታይ ሁለቱም ከታች የተጋደመ መስመር ናቸው። የገላገሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። አጥር ተደግፈው ትንሽ አዳመጡና፣ “ይቺማ ጉንፋን የያዛት ናት፤ ያቺኛዋ ግን ሰው ትጠራለች” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጠቆር ያለችው ድምፇ ይሻክራል፤ ጉሮሮ እንደመጥረግ ያለ ነገር ቀስ እያለች ትደጋግማለች። ቀይ ዓይኗ ደግሞ ስድስት ምት አላት፤ ሁለቱ ረጋ ያሉ፣ አራቱ ፈጠን ያሉ። “ነይ... ነይ... ቡና ጠጪ” ብዬ መዘገብኳት። በኋላ ላንጋኖ ስሄድ ሦስተኛ ዘመዳቸውን፣ ሪንግ ኔክድ ዶቭን፣ በዚሁ ዘዴ ያዝኳት። የእሷ ሦስት ምት ነው፤ መካከለኛው ይጎተታል፣ ማብቂያ ያለውም አይመስልም። “ተነሡ፣ ተነሡ፣ ተነሡ”። የእረፍት ቀን ጠዋት ላይ ደስ አይልም።

በአንድ ዓይነት ውስጥ ምቱ ከወፍ ወፍ የማይለዋወጠው ዋኔዎች ዜማን ስለማይማሩ ነው። ተመራማሪዎቹ ባርባራ ሌድና ዊልያም ቶርፕ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ዜማው አብሯቸው የሚወለድ መሆኑን አሳይተዋል። ሌሎች ብዙ ዘማሪ ወፎች እንደ ቆሎ ተማሪ ከታላላቆቻቸው ነው የሚቀስሙት።

ክንፉስ? አንድ ቀን ጠቆር ያለችው ስትነሣ “ክርርር” የሚል ድምፅ ቀረፅሁ። ቀይ ዓይኗ ዘንድ የለም። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ ለሁለት ጓደኞቼም ላክሁ። በማግስቱ መስኮት ላይ ቆሜ ስመለከት ወፏ ቆርቆሮው ተዳፋት ላይ ቆማለች፤ ልትነሣ ስትል እግሯ ተንሸራተተ፤ ክርርር። የጥፍሯ ድምፅ ነው! ቀይ ዓይኗ የምትነሣው ከዛፍ ላይ ስለሆነ ነው ድምፁ ያልነበረው።

ከዚያ በኋላ ከየት እንደተነሣች ሳልጽፍ የቀረፅሁትን ሁሉ ጣልሁት። የቀረውን ሳየው የክንፉ ድምፅ ከዓይነቷ ይልቅ ሥራዋን ነው የሚነግረኝ። ድመት ስታይ ሁለቱም በችኮላ ተንጫጭተው ይነሣሉ። የቀይ ዓይኗ ወንድ ደግሞ ለሴቷ ሲታይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ክንፉን ያጋጫል፣ ከዚያ ዘርግቶ ተንሳፎፎ ይወርዳል። ግጭቱ በምስሉ ላይ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ክር ይታያል።

ክሬስትድ ፒጅን የምትባለው የአውስትራሊያ እርግብ ግን በክንፏ ነው የምታስጠነቅቀው። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ደንግጣ ስትነሣ የሚያፏጨው ቀጭኑ ስምንተኛ የክንፍ ላባ መሆኑ ታውቋል። ያ ላባ የሌላት ወፍ ድምፅ ሲሰማ ሌሎቹ አይሸሹም። እኛ ጣራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም።

የጥፍሩን ቅጂ ግን አልሰረዝኩትም። የፋይሉ ስም አሁንም “አዲስ የክንፍ ድምፅ” ነው።