«ቮሴ» አንተ ነው ወይስ አንቱ?

መንዝ ላደገ ሰው ማንን አንቱ፣ ማንን አንተ እንደሚባል የሚያስተምረው የለም። ታላቁን «አንተ» ያለ ልጅ ይቆነጠጣል፤ ትምህርቱ ያ ነው። ለዚህ ይሆናል ፖርቱጋልኛ ስጀምር መጀመሪያ «አንቱ» የቱ ነው ብዬ የፈለግሁት። ሰበቡ እግር ኳስ ነው። ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ የብራዚል ተጫዋቾች የሚሉትን ያለ አስተርጓሚ መስማት አማረኝ።

ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ «ቮሴ ማለት አንተ» ብሎኝ አለፈ። ለብራዚል ያስኬዳል። እዚያ ጓደኛውም ባለሱቁም ሚስቱም ቮሴ ናቸው፤ ሲቸኩሉማ «ሴ» ብቻ ብለው ይገላገሏታል። የቃሉ ዘር ግን ትልቅ ነው። ጥንት «ቮሳ ሜርሴ» ነበር፣ «ጸጋዎ» እንደ ማለት። ለንጉሥና ለመኳንንት የሚባል። ሕዝቡ ሁሉ ሲጠራራበት ማዕረጉም ድምፁም አብሮ ተበላ።

ያልተበላው ግሱ ነው። «ቮሴ ፋላ» ትናገራለህ፣ «ኤሊ ፋላ» እሱ ይናገራል። ግሱ አንድ ነው። ቮሴን ያነጋግሩታል፣ ግሱ ግን ስለ ሌላ ሰው ያወራል። ይሄ እንግዳ ነገር ከመሰላችሁ «እርስዎ ይመጣሉ» እና «እነሱ ይመጣሉ» በሉ እስኪ። እኛም ያው ነን። ደግሞ አንተና አንቺ ብለን የለየነው ጾታ እርስዎ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፤ ቮሴም ወንድ ሴት አይልም።

ፖርቱጋል ሲሄዱ ጨዋታው ይቀየራል። ለቅርብ ሰው «ቱ» ነው። ለትልቅ ሰው «ኡ ሴኞር»፣ ለሴት «አ ሴኞራ»። ቮሴ ሲሉት ደፈሩኝ ብሎ የሚቀየም አለ። ቡና ሲጋብዙ «ኡ ሴኞር ኬር ካፌ?» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ጌታው ቡና ይፈልጋል?» ነው። ማሪያን ራሷን ፊት ለፊት እያዩ «ማሪያ ቡና ትፈልጋለች?» ማለትም አለ። ይህን ለአክስቴ ብነግራት፣ «ታዲያ ማን ይመልስ?» አለችኝ።

ብራዚሎቹም ቢሆኑ ለሽማግሌ ሴኞርን አልተዉም። ተጫዋቾቹ ደግሞ አሰልጣኙን «ፕሮፌሶር» ነው የሚሉት፣ «መምህር» ብሎ እንደ መጥራት። ይቺን በጣም ወድጃታለሁ።

እስካሁን የሚገርመኝ ግን ጸሎቱ ነው። «አባታችን ሆይ» ላይ እኛ «ስምህ ይቀደስ» እንላለን። ካቶሊኮቻቸው «ቮስ» የሚባለውን የድሮ የአክብሮት ቃል ይዘው ነው የሚጸልዩት፤ «ስምዎ ይቀደስ» እንደ ማለት። እኛ ጋ አንቱ የሚባሉት ቄሱ ናቸው፤ እግዜር አንተ ነው።