የማማከር ሥራዬን ከሰኔ ወደ ጥቅምት ያዛወርኩበት ዓመት

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ ዲፌንስም (ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ቆሞ የሚያስረዳበት) አልቋል፣ እኔም ትንሽ ተንፍሻለሁ። ዘንድሮ የማስተርስ ተማሪዎችን ሳማክር የሞከርኩትን እንደመጣልኝ ላካፍላችሁ። የማስተምረው ጎንደር ነው፣ ኅብረተሰብ ጤና። የእናንተ ትምህርት ሌላ ቢሆንም ጣጣው አንድ ነው።

የመምህር ቀን የራሱ አይደለም። ጠዋት ክፍል፣ ከክፍል ስትወጣ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ስትመለስ ያልታረመ ሚድ ጠረጴዛህ ላይ ተከምሮ ይጠብቅሃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ተማሪው 50 ከመቶ ማምጣት አለበት፣ ስለዚህ ቱቶሪያል ይወጣል፣ ቱቶሪያሉ ደግሞ ቅዳሜህን ይዞት ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሃል በሩ ገርበብ ይልና «ዶክተር፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ» የሚል ፊት ብቅ ይላል። የዚያች አንድ ደቂቃ ርዝመት የምታውቁት ነው።

ማማከር በተረፈ ጊዜ የሚሠራ ሥራ ሆኖ ነው የኖረው። የተረፈ ጊዜ የሚባል ነገር ግን የለም። ስለዚህ ተገፍቶ ተገፍቶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይቆለላል። ዳታው ተሰብስቧል፣ ብሩ አልቋል፣ የዲፌንስ ቀን ተለጥፏል፣ ጥያቄው ራሱ ጥያቄ እንዳልነበረ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ያኔ ምን ይደረጋል? ኮማ ይስተካከላል፣ ሠንጠረዥ ይቃናል፣ ይታለፋል።

ዘንድሮ ሰዓቴን ከኋላ ወደ ፊት አመጣሁት። ሐሙስ ከሰዓት ለአድቫይዚዎች፣ ለማማክራቸው ተማሪዎች ማለት ነው፣ ብቻ ሆነ፣ ያውም ከጥቅምት ጀምሮ፣ ገና ማንም ምንም ሳይጽፍ። እና መጀመሪያ ያልኳቸው «ፕሮፖዛል አትጻፉ» ነው። ደነገጡ። አንድ ገጽ ብቻ ይዛችሁ ኑ፣ በእጅ የተጻፈ ቢሆንም ግድ የለኝም አልኳቸው። ገጹ ላይ ማወቅ የፈለጋችሁትን አንድ ጥያቄ ጻፉ፣ መልሱ ቢገኝ ማን ምን እንደሚያደርግበት ጻፉ፣ ከሥሩ ደግሞ ውጤቱ የሚገባበትን ባዶ ሠንጠረዥ ሥሩ። ደሚ ቴብል የምንለው ማለት ነው።

ጉዱን የሚያወጣው ሠንጠረዡ ነው። ርዕሶቻችንን ታውቋቸዋላችሁ፤ «የእንትን መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች፣ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ»። እንትን የሚለው ብቻ ይቀየራል። ርዕሱን መጻፍ ቀላል ነው። ባዶ ሠንጠረዥ ሥራ ሲባል ግን ተማሪው ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ከመጠይቁ ግማሹ የትም ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። የማይገባ ከሆነ ደግሞ ማሳዋን አቋርጣ የመጣችን እናት ለምን ትጠይቃታለህ? እዚያው ቁጭ ብለን ሰረዝን። መጠይቁ አጠረ፣ የዳታ ሰብሳቢ አበልም አብሮ ቀነሰ። ይቺ ሁለተኛዋ ነገር ተማሪዎቹን ከእኔ ምክር በላይ አሳመነቻቸው።

ከዚያ ወደ 422 መጣን። ይሄን ቁጥር የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

«ናሙናህ ስንት ነው?»

«422፣ ዶክተር።»

«ለምን?»

«በፎርሙላው ነዋ።»

ፎርሙላውን በእንቅልፍ ልባችን እናውቀዋለን። 1.96 (የ95 ከመቶ እርግጠኝነት ቁጥር) በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 (ነገሩ ስንት ሰው ላይ ይገኛል የሚለው ግምት) ተባዝቶ፣ እንደገና ግምቱ ከ1 ተቀንሶ በሚቀረው 0.5 ተባዝቶ፣ 0.05 (የምንፈቅደው ስሕተት) በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ሲካፈል 384። ምላሽ ለማይሰጡ 10 ከመቶ ሲጨመር 422። አገራችን ውስጥ ይሄ ቁጥር ስንት ቴሲስ ላይ እንደተጻፈ የሚቆጥር ቢገኝ ራሱ አንድ ቴሲስ ይወጣዋል።

ወረቀት አወጣንና አሰላን። ልጁ የሚያጠናው ነገር ከዚህ በፊት በተሠሩ ጥናቶች 15 ከመቶ አካባቢ ነው የተገኘው። 0.5 የሚገባው ምንም ፍንጭ ሳይኖር ሲቀር ነው፣ እሱ ግን ፍንጭ አለው። 0.15 አስገብተን የምንፈቅደውን የ5 ነጥብ ስሕተት እንዳለ ስንተወው 196 ሰው ወጣ። ፊቱ በራ፣ ሥራ ቀለለለት። ቆይ አልኩት። 15 ሲደመር ሲቀነስ 5 ማለት ከ10 እስከ 20 ማለት ነው። ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደህ «ችግሩ ያለበት ሰው ምናልባት ይሄን ያህል፣ ምናልባት ደግሞ እጥፉ ነው» ብትላቸው መድኃኒት እንዴት ያዝዙበታል? ስፋቱን ወደ 3 ስናወርደው 545 ሆነ። ፊቱ ጠቆረ። «ነገሩ 4 ከመቶ ላይ ብቻ የሚገኝ ቢሆንስ?» አልኩት። ከ4 ላይ 5 ቀንሶ ከዜሮ በታች ሲገባ ራሱ ሳቀ። ሌላዋ ተማሪ ደግሞ የምታጠናቸው እናቶች በጠቅላላው 1200 ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ የሕዝቡ ብዛት ታስቦ ሲስተካከል 384ቱ ወደ 291 ወረደላት። ሁለቱም ይዘው የመጡት ግን 422 ነበር።

እንደኔ ከሆነ አንድ አማካሪ ዓመቱን ሙሉ ይቺን አንድ ውይይት ብቻ በደንብ ካደረገ ደመወዙ ይገባዋል።

ወደ መስክ ልውሰዳችሁ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ፕሪቴስት (የመጠይቁን ሙከራ) ለማየት ከአንዷ ተማሪ ጋር ጣና ዳር ወዳለችው ደምቢያ ወረድን። ስለ ደምቢያ ሳነሳ ሁሌ የምላት ነገር አለችኝ፤ የኛ ትምህርት ቤት የተወለደው ከዚያ ሜዳ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝብ ጨረሰ። ከዚያ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተና ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ ማሠልጠን ጀመረ። ተማሪዎችን በቡድን ገጠር ጤና ጣቢያ ልኮ ማሠራቱም ያኔ የተጀመረ ልማድ ነው። ዛሬም ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) እያልን እንልካለን። ስለዚህ መምህር ሆኖ ጫማውን አቧራ ላለማስነካት የሚሳሳ ሰው ሳይ ይገርመኛል።

ጥናቷ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር ላይ ነው። ዳታ ሰብሳቢው ጎበዝ ልጅ ነው። ጥላው ሥር ተቀመጥንና ቃለ መጠይቁን ሰማሁ።

«እህቴ፣ ልጅሽ መቼ ተወለደ?»

«ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው።»

«የየት ዓመት ጥምቀት?»

«ታላቁ ትምህርት ቤት የገባ ዓመት።»

ልጁ ስልኩን አየ፣ ሰማይ አየ፣ ከዚያ አንድ ቀን መርጦ አስገባ። በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። እናትየዋ የሰጠችው መልስ ቀኑን እንኳ ሳይስት የሚያገኝ መልስ ነው፤ ጥር 8። የጎደለው በእኛ በኩል ነው። ኮቦ (ዳታ በስልክ የምንሰበስብበት መተግበሪያ) ላይ የጫንነው ቅጽ የሚያውቀው የፈረንጁን መቁጠሪያ ብቻ ነው። አንዱ ሰብሳቢ በእኛ ያስገባል፣ ሌላው በልቡ ቀይሮ በፈረንጅ ያስገባል፣ ጳጉሜን የተወለደ ልጅ ደግሞ 13ኛ ወር ስለማይቀበል እንደ ምንም ወደ መስከረም ይገፋል። የልደቱ ቀን በእኛ፣ የቃለ መጠይቁ ቀን በፈረንጅ ሲሆን የ2 ዓመት ሕፃን 9 ወይም 10 ዓመት ይሞላዋል። እሱ እንኳ ደግ ነው፣ ይታያል፣ ይታረማል። የሦስት ወር ስሕተት ግን አይታይም። ቁመት ለዕድሜ ሲሰላ ግን ሦስት ወር ጤነኛውን የቀነጨረ፣ የቀነጨረውን ጤነኛ ያደርገዋል።

ማታውን ቁጭ ብለን የክስተት መቁጠሪያ ሠራን። ባለፉት 5 ዓመታት በየወሩ ምን ምን እንደነበር የሚያሳይ አንድ ወረቀት ነው። ጥምቀት፣ አስተርዮ ማርያም፣ የፍልሰታ ጾም፣ ጤፍ የሚታጨድበት፣ ሽምብራ የሚነቀልበት ጊዜ። ረመዳንና መውሊድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድመው ስለሚመጡ ለየዓመቱ ለብቻ ይጻፋሉ። በዓሉ በእኛ ቀን ይገባል፣ ከጎኑ ያለው የፈረንጁ ቀን ግን አስቀድሞ ተሰልቶ ተቀምጧል፤ ጥምቀት አንዳንድ ዓመት ጃንዋሪ 19፣ አንዳንድ ዓመት 20 ላይ ስለሚውል ለሰብሳቢ ጭንቅላት የሚተው ሒሳብ አይደለም። በማግሥቱ ያው ልጅ ያቺን ወረቀት ይዞ ሲጠይቅ ሰማይ ማየቱን ተወ።

ኮሜንት አሰጣጤንም ቀየርኩ። ቴሲሱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገሩ ካማረ የገባው ይመስለዋል፣ እኔም ቀይ እያስገባሁ ሳርም አብሬው እሸወዳለሁ። አሁን ውጤት ይዞ ሲመጣ ላፕቶፑን ክደነውና ያገኘኸውን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ እንደምታስረዳው በአማርኛ ንገረኝ እለዋለሁ። ማስረዳት ካልቻለ ጽሑፉን አላነብም። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን ሌሊቴን አድኖልኛል።

በዚህ መንገድ ነው የኦድስ ሬሾን (የሁለት ቡድን «የሆነ ለ ያልሆነ» ንጽጽር) ነገር የያዝነው። አንዷ ተማሪ «የተማሩ እናቶች 2.25 እጥፍ ይጠቀማሉ» ብላ ነገረችኝ። ሠንጠረዡን አየን። ከተማሩት 60 ከመቶ፣ ካልተማሩት 40 ከመቶ። 60 የ40 ስንት እጥፍ ነው? አንድ ተኩል። 2.25 የመጣው 60ን ለ40፣ 40ን ለ60 አካፍለሽ ሁለቱን ስታነጻጽሪ ነው፤ ትክክለኛ ኦድስ ሬሾ ነው፣ «ይሄን ያህል እጥፍ ሰው» ማለት ግን አይደለም። ነገሩ ብርቅ ሲሆን ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ግማሽ ሰው ላይ የሚገኝ ነገር ሲሆን ግን በጣም ይራራቃሉ። ይሄ ብዙ የታተመ ጽሑፍ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ተማሪዋ ላይ አይፈረድም። እንግሊዝኛውን ብቻ እያየሁ ቢሆን ግን እኔም አልፌው ነበር።

የቻት ጂፒቲን ነገርም ሳልነካው አልለፍ። ይጠቀሙበታል፣ መከልከሉ ፋይዳ የለውም። ችግሩ የሌለ ጽሑፍ ከነደራሲው፣ ከነጆርናሉ፣ ከነዓመቱ ፈጥሮ መስጠቱ ነው። የኔ ደንብ አጭር ነው፤ ዋና ዋናዎቹ ዋቢዎችህ ዞቴሮ (ዋቢ ማስቀመጫ ሶፍትዌር) ላይ ከነፒዲኤፋቸው ይኑሩ፣ ሳገላብጥ ከፍተህ አሳየኝ። «አልከፈት አለኝ» የሚለው ሰበብ የጤና ጆርናሎችን በሚከፍተው በሂናሪ ይዘጋል፣ ለአገራችን ተቋማት በነፃ ነውና።

ሁሉ አልተሳካም። አንዱ ተማሪ የመረጠው ወረዳ መንገዱ ተዘግቶ ቀረ፣ ወራት ጠብቀን ተስፋ ቆረጥን። ወደ ሆስፒታል ካርድ ዞረ። ካርድ ሌላ ፀባይ አለው። ሐኪሙ «ሲጋራ ያጨሳል» ካላለ ተማሪው «አያጨስም» ብሎ ይሞላል፣ ያልተጠየቀ ሰው ግን አያጨስም ማለት አይደለም። ያልተጻፈ ለሚባለው ለብቻው ኮድ እንዲሰጥ አደረግንና ስንቆጥረው አንዳንዱ ዓምድ ባዶ ሜዳ ሆኖ ተገኘ። እነዚያን ተለዋዋጮች ጣልናቸው። ቴሲሱ ቀጭን ሆነ፣ ኤግዛሚነሩም ቅጥነቱን አነሣ፣ ልጁ ግን ለምን እንደቀጠነ ቆሞ አስረዳ።

የራሴ ጽሑፍ? እዚያው ናት። ማታ አልሆን ሲል ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሣት ሞከርኩ፤ መብራት ሲኖር እሠራለሁ፣ ሲጠፋ ላፕቶፑ እስከፈቀደ ነው። ከኤስፒኤስኤስ ወደ አር (ሁለቱም የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌሮች ናቸው) መዞሩ ግን ጥሩ ሄዷል። አር ነፃ ነው፣ ትንተናው በኮድ ስለሚቀመጥ ተማሪው «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲባል መስመሩን ያሳያል።

ለሚቀጥለው ዓመት ያቀድኩት የኮ-አድቫይዘርን ጉዳይ ነው። ሁለት አማካሪ ተቃራኒ ኮሜንት ሲሰጥ ተማሪው ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ይሆናል። ከጥቅምት ጀምሮ ያቺን አንድ ገጽ ሦስታችንም በተገኘንበት እንፈርምባታለን፣ ከዚያ በኋላ ሐሳቡን የቀየረ አማካሪ ለተማሪው ሳይሆን መጀመሪያ ለሌላው አማካሪ ይደውላል። ባልደረቦቼን አናግሬያለሁ፣ አንዱ ብቻ ነው ያንገራገረው።

የክስተት መቁጠሪያው ፋይል የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። አዝመራው በደምቢያ ልክ የተሠራ ስለሆነ ደጋ የምትሠሩ የአጨዳ ወራቱን ቀይሩት፣ የአካባቢያችሁን ታቦት ንግሥም ጨምሩበት።