አንድ ዓይኑን የገለጠው ወፍ

ሚኒያፖሊስ አሁንም በረዶ በበረዶ ናት፣ ስለዚህ ይሄንን ዛሬ መፃፍ እችላለሁ።

ናይት ሺፍት አብረውኝ የሚሰሩ አንዲት ትልቅ ሴትዮ አሉ። ኦጂብዌ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ህዝብ ናቸው፣ ራሳቸውን አኒሺናቤ ነው የሚሉት፣ ዘመዶቻቸው ሰሜን ሚኒሶታ ኋይት ኧርዝ ሪዘርቬሽን (ለነሱ የተከለለ መሬት) ውስጥ ነው ያሉት። መስከረም ላይ ልጄ ናናቦዞ የሚል ስም፣ የኦጂብዌ ተረቶች ዋና ሰው ነው፣ ከትምህርት ቤት ይዛ መጣችና እስቲ ስለሱ ይንገሩኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። "መጀመሪያ መሬቱ በረዶ ይልበስ" አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እነሱ ጋ እነዚህ ተረቶች የሚነገሩት በረዶ መሬት ላይ ሲኖር ብቻ ነው። በቋንቋቸው አዲዞካን ይሉታል፣ ሰዋስዉም ህይወት ካላቸው ነገሮች ጋር ነው የሚቆጥረው፣ ተረቱ ራሱ እንደ ሰው ማለት ነው፣ ስለዚህ ዝም ብለህ በፈለግክ ሰዓት አትጠራውም።

ህዳር ላይ የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ሌሊት ራሳቸው ብሬክ ሩም ጠሩኝ።

ናናቦዞ ርቦታል (ሁሌም ርቦታል፣ ብዙው ተረት ከዚህ ነው የሚነሳው)። ሀይቅ ዳር ዳክዬዎች ያይና አዲስ ዘፈን አምጥቻለሁ ኑ ጨፍሩ፣ ግን ዓይናችሁን ጨፍኑ ይላቸዋል። እነሱ ጨፍነው ይጨፍራሉ፣ እሱ እየዘፈነ አንገታቸውን አንድ በአንድ ይጠመዝዛል። ሉን የሚባለው ወፍ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየና "ኧረ እየጨረሰን ነው!" ብሎ ጮኸ፣ የቀሩት በረው አመለጡ። ናናቦዞ ተናዶ ሉኑን ከኋላ ረገጠው፣ ዓይኑ የቀላው እግሩም ወደ ኋላ ሄዶ መሬት ላይ መራመድ የሚያቅተው ከዚያ ወዲህ ነው። የሚኒሶታ ምልክት የሆነው ወፍ እሱ ነው፣ በየቦታው ስዕሉን አያለሁ፣ ታሪኩን ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ዳክዬዎቹን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ፣ እግራቸውን ብቻ ውጪ ትቶ፣ እላዩ ላይ እሳት አነደደና እንቅልፍ ሲመጣበት ቂጡን "አንተ ጠብቅ፣ ሌባ ከመጣ ቀስቅሰኝ" አለው። ሰዎች መጥተው ስጋውን በልተው እግሮቹን መልሰው እንደነበሩ ተክለው ሄዱ። ናናቦዞ ሲነቃ የዳክዬዎቹን እግር ቢስበው ከስሩ ምንም የለም! ቂጡን ልቅጣው ብሎ እሳት ላይ ቆመ፣ ተቃጠለ፣ እየደማ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲሄድ ደሙ የነካው ቅርንጫፍ ሁሉ ቀላ። ሬድ ዊሎው ይሉታል፣ ከስራ ስወጣ በረዶው መሀል ቀይ ሆኖ የማየው እሱ ነው። ሴትዮዋ ሲያወሩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ግን ይሄው ሰውዬ ነው ከጥፋት ውሃ በኋላ፣ አንዲት ትንሽ አይጥ መሳይ የውሃ እንስሳ ከስር ጭቃ አውጥታለት፣ ዓለምን ኤሊ ጀርባ ላይ እንደገና የሰራው። አማርኛ ስም ላወጣለት ብዙ ሞከርኩ። ብልጥ እንዳልለው ቂል ነው፣ ተንኮለኛ እንዳልለው ዓለምን ያተረፈ ነው። አያቴ ተረት ውስጥ ብልጧ ጦጣ ነበረች፣ የሚሞኘው ደግሞ ጅብ፣ ድርሻቸው ለየብቻ ነው። እዚህ ሁለቱም አንድ ሰው ውስጥ ናቸው፣ ይራባል ይሳሳታል ይቃጠላል፣ በሚቀጥለው ተረት ደግሞ ተነስቶ ይሄዳል።

የሴትዮዋ አያት በልጅነታቸው ከቤት ተወስደው ቦርዲንግ ስኩል፣ የነባር ህዝብ ልጆችን ባህላቸውን ለማስጣል የሚያስገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ የገቡ ናቸው። የአሜሪካ መንግስት ራሱ ባስጠናው ጥናት ከ1819 እስከ 1969 (በፈረንጅ) እንደዚህ አይነት 417 ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በ1879 ከነሱ አንዱን፣ ካርላይል የሚባለውን፣ የከፈተው የጦር መኮንን ሪቻርድ ፕራት አላማውን "ኢንዲያኑን ግደል፣ ሰውዬውን አድን" ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። የልጆቹን ፀጉር ይቆርጣሉ፣ ስማቸውን ይቀይራሉ፣ በቋንቋው ያወራ ይቀጣል። ፕሬዚዳንት ባይደን በመንግስት ስም ይቅርታ የጠየቀው ገና በ2024 ነው። አያትየው ማታ መብራት ሲጠፋ አንዷ ልጅ ቀስ ብላ በኦጂብዌ "ቂጡ" ትላለች፣ ይሄኔ አልጋው ሁሉ ብርድ ልብስ ውስጥ በሳቅ ይንቀጠቀጣል ብለው ይነግሯቸው ነበር። አንዲት ቃል እኮ ነች። ይሄንን ከሰማሁ ጀምሮ ከሀሳቤ አልወጣ ብሎኛል፣ እነዚያ ልጆች ዓይናችሁን ጨፍኑ የሚላቸው ማን እንደሆነ በደንብ ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለልጄ ልንገራት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "በረዶው ሳይቀልጥ ንገሪያት" አሉኝ።

ትናንት ማታ ነገርኳት፣ በአማርኛ። ተረት ተረት ስላት የላም በረት ማለት እንኳን አታውቅም ነበር፣ እስከዛሬ ስላላስተማርኳት አዘንኩ። ቂጡ ጋ ስንደርስ ከአልጋ ልትወድቅ ነበር። መብራቱን ሳጠፋ ዓይንሽን ጨፍኚ አልኳት። አንዱን ብቻ ጨፈነች።